አረንጓዴዋ ካርድና የወይን ጠጁ መጋረጃ

በቤታችን የእንቁጣጣሽ ጠዋት ዕቅድን በልብ ይዞ መቀመጥ አይቻልም። ቁርስ ተነስቶ እጅ ከታጠበ በኋላ አባቴ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና «እሺ፣ ዘንድሮ ምን አስባችኋል?» ይላል። እያንዳንዳችን ጮክ ብለን እንናገራለን፣ አባቴ በተነገረው ላይ ዱዓ ያደርጋል፣ እኛ «አሚን» እንላለን። ዱዓ የተደረገበት ዕቅድ ደግሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሳሎን ባለፍኩ ቁጥር «የት ደረሰ?» እባላለሁ።

የአባቴ ዕቅድ ለብዙ ዓመት አንድ ነበር፤ ፔፐር። የመኖሪያ ወረቀታችን መታደስ ማለቱ ነው። የእናቴ ከዚያም ያጠረ ነው። «የእኔ የእናንተ ጤና ነው» ትላለች ሳህን እያነሳች፤ አባቴም እሷ ጋ ሲደርስ ጆሮውን እንኳ አያዘነብልም፣ መልሱን ያውቀዋል። እኔ የማቀርበው የቤዝቦል ካርዶቼን ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ያቀረብኩ ዕለት አባቴ በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ እናቴን አያት።

«ካርታ ነው?» አለኝ።

«ካርድ ነው አባዬ። ከፊቱ የስፖርተኛ ፎቶ፣ ከጀርባው ታሪኩ ያለበት።»

«ቁማር የለበትም?»

«የለበትም።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«እሺ» አለና እጁን ዘረጋ። «አላህ የማይበላውንም ነገር በረካ ያድርግልሽ።»

እናቴ ሻይዋ ትን እስኪላት ድረስ ሳቀች። እኔ ግን ኮስተር ብዬ አሚን አልኩ። ዱዓ ዱዓ ነው።

ካርዶቹ እጄ የገቡት በትሮይቪል ነው። አምስተኛ ክፍል ጨርሼ ከወራቤ ወደ ጆሃንስበርግ ስመጣ ወላጆቼ የሚኖሩት እዚያ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ፣ በተከራዩት ክፍል ነበር። እንግሊዝኛዬ «ጉድ ሞርኒንግ» ላይ ያበቃ ነበር። ትምህርት ቤት እስኪገኝልኝ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ስለሌለኝ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ የጎረቤት በረንዳ አያለሁ። እዚያ አንድ ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ ጠረጴዛቸው ላይ ትንንሽ ወረቀቶች ሲደረድሩ ይውላሉ። ይደረድራሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ ያፈርሱታል፣ እንደገና ይደረድራሉ። እኔ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ካላወቅኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ቀን ሽማግሌው ዓይኔ ሰልችቷቸው ይሁን አዝነውልኝ እንጃ፣ ተነስተው መጡና በአጥሩ ላይ ጥቂት ካርዶች ሰጡኝ። የሆነ ነገር ተናገሩ። ምንም አልገባኝም። ይዤ ሮጥኩ።

እራት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ መረመራቸው። ፊቱን በብረት ፍርግርግ የሸፈነ፣ ደረቱ ላይ ወፍራም ነገር ያሰረ፣ ቁጢጥ ያለ ሰው አለ። «በያጅ ነው» አለ አባቴ ሳያመነታ። «ፍንጣሪው ዓይኑን እንዳያገኘው ነው።» ዱላ በትከሻው ላይ ያነሳው ዘበኛ ሆነ። በአንድ እጁ ብቻ ትልቅ የቆዳ ጓንት ያጠለቀውን እናቴ ዳቦ ጋጋሪ አለችው፤ የጋለ ትሪ በባዶ እጅ አይያዝማ። አንዱ ግን ሁላችንንም አስቸገረን። አንደኛውን እግሩን እስከ ደረቱ ሰቅሎ በሌላኛው ብቻ ቆሟል።

«ጭቃ ነው» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ጫማው አዲስ መሆኑን አታዩም?»

ስለዚህ በዚሁ መሠረት መደብኳቸው። በያጆች፣ ዘበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ጭቃ ፈሪዎች። እነዚህ ሁሉ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ለምን አንድ ዓይነት ልብስ እንደለበሱ ስንጨነቅ አባቴ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች መሆን አለባቸው አለ። ሁላችንም ተስማማን።

እንግሊዝኛ ሲገባኝ ሄጄ ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት አስያዙኝና በጓሯቸው ከዛፉ የወደቁ ሎሚዎች እየወረወሩልኝ ጨዋታውን አስተማሩኝ። ለካ ዘበኛው ኳስ መቺ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው ቀላቢ ነው፤ ጭቃ ፈሪው ወርዋሪ ነው። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ክለብ ሲጫወቱ በያጅ ነበሩ፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብለው ኳሷን የሚቀበሉት ማለቴ ነው። አመዳደቤን እንዳልቀይረው ግን ለመኑኝ። እኔም አልቀየርኩትም። እስከ ዛሬ አልበሜ ውስጥ በመለያዎቹ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ይኸው ነው። ሌሎች ሰብሳቢዎች ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ሃይስኩል ስጨርስ ሽማግሌው የካርድ ሳጥናቸውን በሙሉ ሰጡኝ። ልጆቻቸው ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ካርዱንም አይፈልጉትም። ያኔ እኛ ፎርድስበርግ ሱቅ ከፍተን፣ ቤታችንን ደግሞ አጠገቧ ሜይፌር አዛውረን ነበር። ሱቁ መጋረጃና ብርድ ልብስ ይሸጣል። እኔም ብዙም ሳልቆይ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ቀን የበሽተኛ ካርድ፣ ማታ የጤነኛ ካርድ ትደረድራለች» ይላል።

ሳጥን ሙሉ ካርድ መያዝና ስብስብ ማደራጀት ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ዕቅዴ ከእርጥበት ማዳን ብቻ ነበር፤ የዚህ አገር የበጋ ዝናብ በግድግዳው ሰርጎ ጥቂቶቹን አጣብቋቸው ነበርና። በሁለተኛው ዓመት ኪስ ኪስ ያለው የፕላስቲክ አልበም ገዝቼ እያንዳንዳቸውን ቤት ሰጠኋቸው። ቀጥሎ ደግሞ ስስት ያዘኝ። «ዘንድሮ ማብዛት ነው» ብዬ ዱዓ ተደረገልኝና ያገኘሁትን ሁሉ አግበሰበስኩ። ራግቢ፣ ክሪኬት፣ የካርቱን ጭራቆች ሳይቀሩ። በዓመቱ መጨረሻ የራሴን በያጆች ማግኘት አቃተኝ። አባቴ «የት ደረሰ?» ሲለኝ «በረካው በዛ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ዕቅዴን አጥብቤ መናገር የተማርኩት። አንድ ከገባ አንድ ይወጣል፤ ያለኝን ሳላውቅ ሌላ አልጨምርም።

አንዱን ዓመት በሙሉ ለጀርባቸው ሰጠሁት። የካርዱ ጀርባ በትንንሽ ፊደላትና ቁጥሮች የታጨቀ ነው። ሰውየው ስንት ጊዜ መታ፣ ስንት ጊዜ ሳተ፣ የት ተወለደ፣ በየትኛው እጁ ይወረውራል። አንድ በአንድ ፈታኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰውየው የሳተው ሁሉ እንደሚጻፍ ለአባቴ ስነግረው ደንግጦ «ኧረ የእኔን ማንም እንዳይጽፍ!» አለ።

አሁን ወደ አረንጓዴዎቹ ልምጣ። በሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ጠርዝ ያላቸው፣ ተራ ቁጥር ያላቸው ካርዶች ነበሩ። ከብዙ ዘመን በፊት ጨዋታውን ሊያስተምሩ የመጡ እንግዶች ሲሄዱ ለክለቡ ልጆች ያከፋፈሏቸው ናቸው። ሽማግሌው ከጓደኞቻቸው ጋር ሲለዋወጡ፣ ሲለምኑ፣ ሲያፈላልጉ ኖረው ሁሉንም ሞሉ፤ አንዷ ብቻ ቀረች። ሰማንያ ስምንተኛዋ። የተጫዋቹን ስም ከካርዶቹ ጋር ከመጣው ዝርዝር ላይ ያውቁታል። እንደሳቸው በያጅ መሆኑንም ያውቃሉ። ፊቱን ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

አንድ ጊዜ በስልኬ ፈልጌ ላሳያቸው ስል ሁለት እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። «እንዳታደርጊው!» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት ለስልክ አይደለም።» እኔም እሳቸው ያላዩትን ቀድሞ ማየት ነውር መሰለኝና ተውኩት። ግን እንዴት እንደከነከነኝ አትጠይቁኝ። ሰውየው ቀጭን ነው? ጥቁር ነው? ይስቃል? እሳቸው ቀጭንና ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ኮስታራ ሰው አድርገው ነው የሚያስቡት። እኔ ደግሞ ጆሮው ትልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ የሽማግሌው ዓይን ከመሃል መጥፋት ጀመረ። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ግን ተሸፍኖባቸዋል። ሐኪሙ የቀረውም እየደከመ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ፤ ከዚያም ቸኮልኩ። በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ አባቴ ሲጠይቀኝ «ሰማንያ ስምንተኛዋን አግኝቼ፣ የድሮ ጎረቤታችን ዓይን ሳይጨልም አረንጓዴዎቹን ሞልቼ ላሳያቸው» አልኩ። አባቴ በዚህ አልቀለደም። «አላህ የጎደለሽን ይሙላልሽ፤ የእሳቸውንም ብርሃን ያቆይላቸው» አለ። እናቴም አሚን ያለችው ሳህኑን አስቀምጣ ነው።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ አንድ የጎደላትስ ከየት ይመጣላታል? ወራት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ደርባን የሚኖር አንድ ሰብሳቢ ካርዷ እንዳለችው ጻፈልኝ። በልዋጩ ከጭቃ ፈሪዎቼ ሁሉ አንደኛውን ፈለገ። ሰጠሁት፤ ሳላመነታ። የራሴን የላክሁት የወላጆቼን ዕቃ ከደርባን በሚያመላልሰው ሹፌር ነው፤ የእሱንም የሚያመጣልኝ ያው ሹፌር ነበር። ሰብሳቢውን ፎቶዋን እንዳይልክልኝ አስጠነቀቅኩት።

ሹፌሩ ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ «ሱቅ አድርሻለሁ» አለኝ። ከሥራ ስወጣ ሮጬ ሄድኩ። እናቴ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ እያጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ ከደርባን የመጣችልኝ ዕቃ የታለች?»

«ምን ዕቃ?»

«በፕላስቲክ የታሸገች፣ ትንሽዬ፣ ደረቅ ያለች።»

«እህ! ያቺ ፎቶ?» አለች እጥፋቱን እያስተካከለች። «ከመጋረጃዎቹ መሃል ነው እኮ የወጣችው። የፋብሪካ ስጦታ መስላኝ ለደንበኛ መረቅኩላት።»

እናቴ ሳትመርቅ አትሸጥም። ወራቤ ገበያ ላይ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ እፍኝ የማትጨምር ሻጭ ደንበኛ የላትም፤ እሷም ያንን ልማድ እስከዚህ ድረስ ይዛው መጥታለች። እዚህም ባዳ አልሆነባትም፤ ደንበኞቿ «ማማ፣ ፓሴላ!» ይሏታል፣ ምርቃቱን ማለታቸው ነው። ባንኮኒው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አለች። የፀጉር ማስያዣ፣ ከረሜላ፣ የቁልፍ መያዣ፣ አቅራቢዎች የሚልኩት ትንንሽ ስጦታ ሁሉ እዚያ ይገባል። የእኔ ሰማንያ ስምንተኛ ከዚያች ቆርቆሮ ወጥታ ሄዳለች።

ጮህኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በእናቴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ግራ ገብቷት። «ሴትዮዋ ለቤቷ ሙሉ መጋረጃ ወሰደች፣ ፓሴላ ብላ ጠየቀች። ቤት ውስጥ ሙሉ ሳጥን አለሽ አይደል?»

«የሽማግሌው ናት እኮ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የዓይናቸው?» አለችና የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቼ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት። እናቴ የደንበኛ ስም አታውቅም። የምታውቃቸው በገዙት ጨርቅ ነው።

«የወይን ጠጁ ናት» አለች። «ከላይ ወርቃማ ቀለበት ያለው።»

«ስልኳስ?»

«ጨርቋን ይዛ ለሄደች ሴት ስልክ ምን ይሠራል?»

«መቼ ትመለሳለች ታዲያ?»

«መጋረጃ የገዛ ሰው ደግሞ ስንት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል?» አለች፤ ራሷም በነገሩ ተከዘች። ከዚያ ቀና አለች። «ሂልብሮው ሰፈር ነው የምትኖረው። ጥግ ላይ ያለ ፎቅ ውስጥ ፍላት ነው፣ ታወሩ፣ ያ ረጅሙ የአንቴና ግንብ፣ ከመስኮቴ ይታያል ብላኛለች። ነገ አባትሽ ሱቁን ይይዛል። ሄደን መስኮት መስኮቱን እናያለን። የራሴን ጨርቅ የትም አላጣውም።»

«ፊቱን አይተሽዋል አይደል?» አልኳት ስንወጣ፤ አላስቻለኝም። «ምን ይመስላል? ... ቆይ፣ ተይው፣ እንዳትነግሪኝ!»

«ሰው ይመስላል» አለች።

እሑድ ጠዋት በታክሲ ሄድን። እናቴ እዚህ ከተማ ስትኖር መንገዷ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ ነው። ሂልብሮውን በታክሲ ከማለፍ በቀር በእግሯ ረግጣው አታውቅም። አባቴ ስልካችንን እንድንደብቅ ሦስቴ መክሮን ነበር። ወርደን አንገታችንን ወደ ላይ ሰቅለን መራመድ ጀመርን። ፎቅ ከላይ ፎቅ፣ መስኮት በመስኮት ላይ፤ ከየሰገነቱ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከታች ሰው፣ ሙዚቃ፣ የታክሲ ክላክስ።

ጥቂት እንደሄድን እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያ የእኔ ነው» አለች።

«የወይን ጠጁ? የቱ ጋ?»

«አይደለም። ያ ሰማያዊው፣ ዓሣ ዓሣ ያለበት። ልትወልድ ለደረሰች ልጅ ነው የሸጥኩት። ልጇ አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል።» ጣቷን ወደ ላይኛው ፎቅ አነሳች። «ያንን ቢጫውን ተመልከችው! ይህን ማን ይገዛል ብሎ አባትሽ የጮኸብኝ እኮ ነው። ያው፣ ተሰቅሏል!»

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበራትም። ያኛው ጥቅሉ ላይ እንከን ስለነበረበት በቅናሽ የሄደ ነው፤ ያኛው ዳንቴል ዕቃችን ወደብ ላይ የተያዘብን ጊዜ የመጣ ነው፤ አረንጓዴው ቀለም ስትመርጥ ግማሽ ቀን ላቆመቻት አዲስ ሙሽራ የተሸጠ ነው። እኔ የካርድ ጀርባ እንደማነበው እሷ መስኮቱን ታነባለች። ሽንኩርትና ቲማቲም በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ልትወድቅ ደርሳ ሻጯን «ሶሪ ሲሲ» አለቻትና እንደገና ቀና አለች።

«ሲሰቀል እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት እናቴ መጋረጃ ያየችው ታጥፎ ነው። ታጥፎ ይመጣል፣ አጥፋ ትሸጠዋለች፣ ታጥፎ በከረጢት ይሄዳል። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ጠጋ ብዬ ክንዷን ያዝኩ፤ የምይዛት እንዳትደናቀፍ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ግን ልቤ ተነክቶ ነበር።

የወይን ጠጁን ያገኘችው እሷ ናት። ጥግ ላይ ካለ ሕንፃ ከፍ ብሎ፣ ቀለበቱ በፀሐዩ እያብረቀረቀ። በሩ ላይ ዘበኛው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ከካርድሽ አምልጦ ነው?» አለችኝ፤ እዚያው ሳቅ ያዘኝ። እሷ ግን ኮስተር ብላ «ሳውቦና ባባ» ብላ በዙሉኛ ሰላም አለችውና መስኮቱን እያሳየች እኔን አስተረጎመችኝ። ሊፍቱ አይሠራም። እናቴ በየፎቁ እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ እኔን እየረገመች ወጣን።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት። «ማማ መጋረጃ!» ብላ እናቴን አቀፈቻት። ጠና ያለች፣ ድምጿ የጎላ ሴት ናት። የመጣንበትን ስነግራት ወደ መስታወቷ ጠቆመች። ሰማንያ ስምንተኛዋ በመስታወቱ ጥግ ላይ ተሰክታ ነበር፤ እኔ ቶሎ ብዬ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

«መልከ መልካም ነው» አለች ሴትዮዋ። «ደግሞ በዚህ ቤት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ወንድ እሱ ብቻ ነው።»

ስለ ሽማግሌው ዓይን ነገርኳት። ሳቋን አቁማ አዳመጠች። ከዚያ ካርዷን ነቅላ፣ ፊቷን ወደ ታች ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ያን አኳኋኗን እስከ ዛሬ እወድላታለሁ። እናቴ ግን አልተዋጠላትም። የተመረቀ ነገር በባዶ እጅ አይመለስም። ክፍሉን ቃኘች፤ መጋረጃው ረዝሞ ወለሉን እየጠረገ ነው። ምንም ሳትል ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ ተንበረከከችና ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች። ሴትዮዋ ሻይ አፈላች። እናቴ ስትጨርስ ተነሳችና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከኋላው ገባች፤ ከተማውን፣ ታወሩን፣ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ስታይ ቆየች።

«ከውስጥ ደግሞ እንዲህ ነው» አለች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ትሮይቪል ሄድን። አረንጓዴዎቹን የያዘው አልበም ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ተስፋ መቁረጥ አይሆንልኝም። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጠረጴዛው አሁን ባዶ ነው። በድምፃችን ለዩን። አልበሙን ባዶዋ ኪስ ያለችበት ገጽ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩና ካርዷን እጃቸው ላይ አኖርኩ። «ሰማንያ ስምንት ናት» አልኳቸው።

ካርዷን ወደ ፊታቸው አስጠጓት፣ ግን ፊት ለፊት አይደለም። አንገታቸውን ዘወር አድርገው፣ ዶሮ መሬት ላይ ያለ ጥሬ እንደምታይ በጎን ያዩ ጀመር። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ። እናቴ ልብሴን ጨምድዳ ይዛኛለች። እኔ እንዳይሆን የፈራሁት ነገር መሆኑን፣ መዘግየታችንን እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

«ሪዝ አለው!» ብለው ጮኹ።

«ምን አለው?» አለችኝ እናቴ።

«ሪዝ! ትልቅ ሪዝ! ደግሞ ወፍራም ነው፣ ጉንጩን እይው! ይህን ሁሉ ዘመን ተላጭቶ ነበር እኮ!» ሽማግሌው ሳቁ፤ ሲስቁ ከማያየውም ከሚያየውም የዓይናቸው ክፍል እንባ ወረደ። ያን ጊዜ ነው እኔም ጎንበስ ብዬ ያየሁት። ወፍራም፣ ሪዛም፣ ደስተኛ ሰው፤ የፊት መሸፈኛውን ግንባሩ ላይ ገልጦታል። ጆሮው ትንሽ ናት። ሽማግሌው በጣታቸው ባዶዋን ኪስ ፈልገው አገኟትና ካርዷን ራሳቸው አስገቡ።

እናቴ አንድ ነገር እንድጠይቅላት ጎነተለችኝ። «ከዚህ በኋላ ባያዩትስ?»

ማፈሬን ችዬ ተረጎምኩት። ሽማግሌው አልተቀየሙም።

«ንገሪያት» አሉኝ፤ «ከእንግዲህ ዓይኔን ብጨፍነውም ሪዝ አለው።»

ስነግራት እናቴ ራሷን ብዙ ጊዜ ነቀነቀች። በታክሲ ስንመለስ መስኮት ዳር ተቀምጣ ወደ ላይ ታይ ነበር።

እንቁጣጣሽ ሲመጣ እዚህም ክረምቱ ያልቃል፤ ሣሩ ገና ደረቅ ነው፣ የኮክ ዛፉ ግን ያብባል። ቁርስ ተነሳ፣ እጅ ታጠብን። አባቴ ጀርባውን አስደግፎ ጠየቀ። የራሱን አስቀደመ፤ ፔፐር። ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ ዘንድሮ አዲስ ካርድ እንደማልጨምር፣ በየወሩ ትሮይቪል እየሄድኩ የካርዶቹን ጀርባ ለሽማግሌው እንደማነብላቸው ተናገርኩ። እሱም ዱዓ አደረገ። ከዚያ እንደ ልማዱ የእናቴን መልስ ሳይጠብቅ «ለሁላችንም ጤና...» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለች እናቴ።

የያዘችውን ሳህን መልሳ አስቀመጠች። አባቴ እጁ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«እኔም ዕቅድ አለኝ» አለች። «እሑድ እሑድ እየወጣሁ መጋረጃዎቼን ማየት እፈልጋለሁ። ሂልብሮውን ጀምሬዋለሁ፣ አልጨረስኩትም። ከዚያ ትሮይቪልን። ከዚያ ደግሞ የደረሱበት ሁሉ። ዓይኔ እያየ ሳለ።»

አባቴ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት አየሁት። «ይበላል?» ሊላት ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቷን አይቶ ተወው። የተዘረጋ እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«አላህ ዓይንሽን ያቆይልሽ» አለ። «የሸጥሽውን ሁሉ ተሰቅሎ ያሳይሽ።»

ከሁሉም ቀድሜ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።